ወሎ፦ እርዳታ፣ ዕዳና ሴፍቲኔት ከኮቪድ ማግስት

ወሎ በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚገኝ ሰፊ አገር ነው። ዛሬ ስሙ በዋናነት በደቡብና በሰሜን ወሎ ዞኖች ይታወቃል፤ በድሮው አከላለል ግን ዋግና ኮረምም የወሎ ነበሩ። ትልቁ ከተማ ደሴ ነው። ስለ ዓለም አቀፍ እርዳታ የሚጽፍ ሰው ወሎን ዘሎ ማለፍ አይችልም። ለጋሽ አገሮች ስለ ረሃብ በአእምሯቸው የያዙት ምስል በአብዛኛው የተነሣው እዚህ ነው። ከኮቪድ ወዲህ ደግሞ ወረርሽኙ፣ የአገር ዕዳ፣ ጦርነትና የእርዳታ መቋረጥ ተራ በተራ የደረሱበት አካባቢ ሆኗል።

ነገሩ ከ1965 ይጀምራል። ዝናብ ቀረ፤ ረሃቡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። የንጉሡ መንግሥት ጉዳዩን ሸፋፈነው። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን ሲያሳየው ግን መደበቅ አልተቻለም። ለአብዮቱም አንዱ ማቀጣጠያ ሆነ።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ይህንኑ የወሎ ረሃብ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጥናት መረመረው። ያገኘው ነገር እስከ ዛሬ ያስደነግጣል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል ነበር። ገበሬው ሰብሉ ጠፍቶ፣ ከብቱ አልቆ፣ ገበያ ይዞት የሚወጣ ነገር አጣ። እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ፤ ሰው የሞተው መግዣ አጥቶ ነው። ከዚያ በኋላ በወሎ የሆነውን ሁሉ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

በ1977 ረሃቡ ተመልሶ መጣ። ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈው የማይክል በርክ ዘገባ ዓለምን አንቀጠቀጠ። ባንድ ኤይድ የተባለው የዘፋኞች የእርዳታ ዘፈን ተከተለ፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት። የመጣው እህል ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ይህ መካድ የለበትም። ነገር ግን የወሎ ሰው በዓለም ፊት እጁን እንደ ዘረጋ ቀረ። ያ ያሳዝነኛል። ወሎ እኮ እስላምና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ (እድር) ተደራጅቶ የሚቀባበር፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝን፣ በደቦ የሚያርስ ሕዝብ ነው።

በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ይህን «ሲራቡ መስጠት» የሚባል አሠራር ለመለወጥ የታሰበ ነው። ገንዘቡ የመጣው ከዓለም ባንክና ከለጋሽ አገሮች ሲሆን፣ አስፈጻሚው መንግሥት ነው። በአገር ደረጃ ስምንት ሚሊዮን ገደማ ሰው ሲታቀፍ ከወሎ ብዙ ወረዳዎች ገብተዋል። በበጋ ወራት በየቀበሌው ሰው ተሰልፎ ድንጋይ ይለቅማል፣ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል። ስሌቱ በነፍስ ወከፍ ነው፤ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን። አራት ነፍስ ያለበት ቤት ሃያ ቀን ይሠራል ማለት ነው። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ወይም በስንዴ ነው። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና ሕመምተኞች «ቀጥታ ድጋፍ» ያገኛሉ። ጥሪት ያፈራ «ተመረቀ» ተብሎ ይወጣል። አንድ መጥፎ በልግ ሲመጣ ስንቱ ተመራቂ ተመልሶ እንደሚቸገር ለመገመት ግን የወሎን ደጋ ማወቅ ይበቃል። እዚያ በየካቲትና በመጋቢት ካልዘነበ ዓመቱ ገና በአጋማሹ ይበላሻል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በኢትዮጵያ ተገኘ። በሴፍቲኔት ሰው ተሰብስቦ መሥራቱ እንዲቀርና የወራት ክፍያ በቅድሚያ እንዲሰጥ ተወሰነ። ጥሩ ውሳኔ ነበር። ቀድሞ የተዘረጋ መስመር ስለነበረ ገንዘብ ለማድረስ እንደ አዲስ መጀመር አላስፈለገም። በዚያው ዓመት ለሥራ የሄዱ ብዙ ወጣቶች ከሳውዲ ተባረሩ። በ2013 መግቢያ ደግሞ የአንበጣ መንጋ የደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ ወረደ።

ሀብታሞቹ አገሮች በዚያን ጊዜ ገንዘብ አትመው ለዜጎቻቸው አደሉ። ክትባቱንም ቀድመው ገዙ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ኢትዮጵያ ክትባት ለአገሮች በሚያከፋፍለው ዓለም አቀፍ ጥምረት፣ በኮቫክስ፣ በኩል መጀመሪያ ያገኘችው 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ነው፤ ያውም በየካቲት 2013 መጨረሻ። በነሐሴ 2013 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ለአባል አገሮች 650 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል የመጠባበቂያ ሀብት ሲያከፋፍል፣ ድልድሉ እያንዳንዱ አገር በድርጅቱ ባለው ድርሻ (በኮታ) ስለሆነ ለመላው አፍሪካ የደረሰው 33 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ሴን በደሴ ገበያ ያየው ነገር በዓለም ገበያ ተደገመ እላለሁ።

ዕዳው ከዚህ ጋር ተያይዞ መጣ። የትልልቅ ኢኮኖሚ ባለቤቶች ስብስብ የሆነው ቡድን 20 በ2012 ለድሃ አገሮች የዕዳ ክፍያ እፎይታ ሰጠ፤ በኅዳር 2013 ደግሞ «የጋራ ማዕቀፍ» የተባለውን የዕዳ ማሸጋሸጊያ መንገድ አወጣ። ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ አመልካቾች አንዷ ናት። በጥር 2013 ብትጠይቅም ከመንግሥታት አበዳሪዎቿ ጋር በመርህ ደረጃ የተስማማችው በመጋቢት 2017 ነው። አራት ዓመት መጠበቅ ነበረባት! በመሃሉ፣ በታኅሣሥ 2016፣ በ2007 ለሸጠችው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ዩሮ ቦንድ (በውጭ ገበያ የሚሸጥ የዕዳ ሰነድ) 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች።

ወሎ ውስጥ ይህ ዕዳ በዓይን ይታያል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር ሐዲድ በውጭ ብድር የተሠራ ነው፤ ሥራ ተቋራጩ የቱርኩ ያፒ መርከዚ ነበር። ሐዲዱ ተነጥፎ ለዓመታት መደበኛ አገልግሎት አልጀመረም። ሐይቅ አጠገብ ሰዉ «ቱርክ ካምፕ» የሚለው ግቢ ደግሞ ከወለጋ ለተፈናቀሉ ወገኖች መጠለያ ሆነ። በሐምሌ 2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም በጦርነቱ ተጎዳ። የሕወሓት ኃይሎች በጥቅምትና በኅዳር 2014 ደሴንና ኮምቦልቻን በያዙበት ወቅት ፋብሪካዎችና የደሴ ሆስፒታል ተዘረፉ። የእርዳታ መጋዘንም ተዘርፎ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሁለቱ ከተሞች እደላ አቆመ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አሜሪካ ኢትዮጵያን የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አገሯ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ፣ ከአጎዋ፣ አስወጣች፤ ልብስ ሰፍቶ ለአሜሪካ ገበያ የሚልክ ፓርክ ሁሉ ከቀረጥ ነፃ ዕድሉን አጣ።

እርዳታውም አስተማማኝ አልሆነም። በሰኔ 2015 የእርዳታ እህል እየተሰረቀ ለሌላ እየዋለ ነው ተብሎ የምግብ እርዳታ በመላ አገሪቱ ለወራት ቆመ። በጥር 2017 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ታገደ፤ የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድም በሰኔ ተዘጋ። ሌባው መጠየቅ አለበት። በሌባው ፈንታ የተቀጣው ግን ከስርቆቱ የሌለበት ተረጂ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ተወሰነ። አይኤምኤፍ በዚያው ቀን 3.4 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶ ብር ተሻገረ። በአንድ የወሎ ቀበሌ ይህ ሁለት ዓይነት ኑሮ ነው። ልጇ አረብ አገር ሆና በባንክ የምትልክላት እናት እጅ ላይ የሚደርሰው ብር በዝቷል። ጎረቤቷ በሴፍቲኔት የሚከፈላት ግን በዚያው ብር ነው፤ ዘይቱንም ማዳበሪያውንም የምትገዛው በአዲሱ ዋጋ ነው።