ፕሮጀክትና የሥራ ስነዳ በመዋዕለ ሕፃናት

በመዋዕለ ሕፃናት ፕሮጀክት የሚባለው ልጆች አንድን ጉዳይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እየተከታተሉ የሚመረምሩበት ሥራ ነው። ጉዳዩ ጥላ፣ ጉንዳን ወይም የቤት ግንባታ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ልጆቹ ራሳቸው አይተው፣ ነክተው፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቀው የሚደርሱበት መሆኑ ነው። ስነዳ ደግሞ ይህን ሂደት መዝግቦ ማስቀረት ነው። የልጆቹ ንግግር፣ ሥዕል፣ ፎቶና የመምህሯ ማስታወሻ በአንድ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱን ነጣጥለው የሚሠሩ አሉ። ስነዳ ከሌለ ግን መምህሯ ነገ ምን እንደምታቀርብ የምትወስነው በግምት ነው።

ሐሳቡ ዕድሜ ጠገብ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ በ1896 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሙከራ ትምህርት ቤት ከፈተ። ሌላው አሜሪካዊ የትምህርት ምሁር ዊልያም ኪልፓትሪክ በ1918 ስለ ፕሮጀክት ዘዴ ጽፎ ቃሉን አስለመደ። በእንግሊዝ ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሱዛን አይዛክስ በ1920ዎቹ የልጆችን ንግግርና ድርጊት በዝርዝር ትመዘግብ ነበር።

ስነዳን የሥራው ምሰሶ ያደረገችው ግን ሬጆ ኤሚሊያ የተባለች የሰሜን ጣሊያን ከተማ ናት። በ1945 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ውስጥ እንዳበቃ፣ ቪላ ቼላ በተባለ አቅራቢያ መንደር ነዋሪዎች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን ታንክና ሌላ ንብረት ሸጠው ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ። ጡቡን ያገኙት ከፈራረሱ ቤቶች፣ አሸዋውን ከወንዝ ነው። ሎሪስ ማላጉዚ የተባለ ወጣት መምህር ወሬውን ሰምቶ በብስክሌት መጣና በዚያው ቀረ። ዛሬ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው የእሱ ነው፤ ሥራውን ግን የጀመሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። በተለይ የሴቶቹ ማኅበር ሚና ከሚገባው በታች ተነግሮለታል ማለት ይቻላል።

ከተማው የራሱን የመጀመሪያ መዋዕለ ሕፃናት የከፈተው በ1963 ነው። ማዘጋጃ ቤት እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ መግባቱ በጊዜው በበጎ ዓይን ያላዩት ነበሩ። ስለዚህ መምህራኑ በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹንና ዕቃቸውን ይዘው ወደ አደባባይና ወደ መናፈሻ ይወጡ ነበር። ሰው የሚሠራውን በዓይኑ እንዲያይ ነው። የስነዳው መነሻ አንዱ ይህ ይመስላል። ቆየት ብሎ በየትምህርት ቤቱ የሥዕል ክፍልና በሥነ ጥበብ የሠለጠነ ባለሙያ ገባ። ሁለት መምህራን ያንኑ የልጆች ቡድን ሦስት ዓመት ይዘው ይቆያሉ። ለውይይትና ለስነዳም ከልጆች ውጭ የሆነ ሰዓት በየሳምንቱ ተመድቦላቸዋል። በ1981 የልጆቹ ሥራ በስቶክሆልም ለእይታ ቀረበ። በ1991 ኒውስዊክ መጽሔት ከተማው ካሉት ትምህርት ቤቶች አንዱን፣ ዲያናን፣ ከዓለም ምርጦች ተርታ አሰለፈው። የሚገባው ነበር።

እዚያው ዲያና የተሠራ አንድ ፕሮጀክት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ክፍሉ ካለው ጠረጴዛ ጋር እኩል የሆነ ሌላ ጠረጴዛ አስፈለገው። አናጺው «ልኩን ስጡኝ» አለ። ልጆቹ መጀመሪያ በጣትና በእጅ ለኩ። ከወረቀት የየራሳቸውን ሜትር ሲሠሩ ደግሞ የአንዱ ልክ ከሌላው አልገጥም አለ። ቀጥሎ ጫማ ተጠቀሙ። በመጨረሻ ራሳቸው ወደ ትክክለኛው ሜትር ደረሱ። መምህራኑ ሜትር አውጥተው መስጠት አቅቷቸው አይደለም። አፋቸውን ይዘው መዘገቡ። ይህ ትዕግሥት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

የሕፃናት ትምህርት ምሁራኑ ሊሊያን ካትዝና ሲልቪያ ቻርድ በ1989 ባሳተሙት ሥራ ፕሮጀክትን በሦስት ምዕራፍ ከፈሉት። መጀመሪያ ልጆቹ የሚያውቁትን ይናገራሉ፣ ጥያቄያቸው ይመዘገባል። ከዚያ ጉብኝት፣ እንግዳና እያዩ መሳል ይመጣል። በስተመጨረሻ ያገኙትን ለሌላ ያሳያሉ። ሁለቱ ፕሮጀክት ደረጃ በደረጃ የሚሰጠውን ትምህርት ይተካል አላሉም፤ ጎን ለጎን ይሂድ ነው ያሉት። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኒውዚላንድ ውስጥ ደግሞ ከትምህርት ተመራማሪዋ ማርጋሬት ካር ሥራ የወጣ «የመማር ታሪክ» የሚባል፣ ስለ ልጁ በትረካ መልክ የሚጻፍ የስነዳ ዓይነት አለ።

ጥሩ ስነዳ የልጁን ቃል ሳያቃና ይጽፋል። «ጥላዬ ተኝቷል» ካለ፣ እንዳለው ይጻፋል። ያው ልጅ መጀመሪያና ከሁለት ሳምንት በኋላ የሳላቸው ሥዕሎች ከነቀናቸው ጎን ለጎን ይሰቀላሉ። ሥራው የቱ ጋ እንደተበላሸም ይታያል። ያለቀለትን ብቻ መለጠፍ፣ ይባስ ብሎም በአንድ ቅርጽ የተቆረጡ ሃያ ጫጩቶችን መደርደር ግድግዳ ማስጌጥ ነው። ሌላው ጣጣ ስልክ ነው። ፎቶው መቶ ይሆናል፣ የሚያያቸው ግን የለም። አምስት ተመርጠው ከግርጌያቸው ምን እየሆነ እንደነበር ቢጻፍ ይሻላል። መምህራን ሳምንቱን የሚያቅዱት እነዚህን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ልጆቹ የቱ ጥያቄ ላይ እንደቆሙ ተነጋግረው ነው።

ፎቶ ለመለጠፍ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ልጁም ይጠየቃል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የቡድኑ ሥራ ትምህርት ቤቱ ዘንድ ይቀራል። የእያንዳንዱ ልጅ ማኅደር ደግሞ ዓመቱ ሲያልቅ ለቤተሰቡ ይሰጣል፣ ወይም ከልጁ ጋር ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል።