ተምቹ «ሁሉን ይበላል» ማለት ሁሉ ይስማማዋል ማለት አይደለም

በቆሎው ጉልበት ሲደርስ የጅማ ወሬ ሁሉ ተምች ይሆናል። በተለይ በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው፣ የአሜሪካ ተምች የምንለው። ሐሙስ ገበያ ስወጣ የምሰማቸው አንዳንድ ነገሮች ግን ትሉን ራሱን ያስቁታል።

«ይሄማ ያው የድሮው ተምች ነው።»
አይደለም። የድሮው በመንጋ መጥቶ ሣርና የሣር ዘመዶችን ነው የሚያወድመው፤ ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ግጦሽ። መጤው ቦሎቄና ጎመን ላይም ይገኛል። ግንባሩን እዩት፤ የተገለበጠ ባላ የመሰለ ነጭ መስመር አለው።

«ከ350 በላይ ተክል ይበላል ከተባለ፣ ሁሉም ለሱ እኩል ነው።»
ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሰውም ሲርበው ያገኘውን ይበላል፤ ይወፍርበታል ማለት ግን አይደለም። ለጋ በቆሎ ለዚህ ትል ድግስ ነው። ቅጠሉ ለስላሳ ነው፣ ገንቢ ምግብም አለው። በቆሎ ሌሎች ነፍሳትን የሚጎዳበት የራሱ መርዝ አለው፤ ይሄ ትል ግን ሆዱ ውስጥ ያከሽፈዋል። ስለዚህ ቶሎ ያድጋል፣ የሚሞተውም ጥቂት ነው። ብዙም የማይስማማው ተክል ላይ ሲያድግ ቀኑ ይረዝማል፣ ብዙው በጨቅላነቱ ይሞታል፣ የተረፈውም ቀሎ ይወጣል። የቀለለ ትል የቀለለች የእሳት ራት ይሆናል፤ እንቁላሏም ያንሳል። በደንብ በልታ ያደገችው ግን ከ1000 በላይ ልትጥል ትችላለች። ልዩነቱ የሚታየው እንግዲህ በሚቀጥለው ትውልድ ነው። ደግሞ የተክሉ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ያረጀና የጠነከረ የበቆሎ ቅጠል እንደ ለጋው አይመቸውም። ጎረቤት ቀድሞ ዘርቶ እናንተ ከዘገያችሁ፣ በእሱ በቆሎ የደለቡት የእሳት ራቶች የእናንተን ለጋ ያገኙታል።

«ቀስ ብሎ ካደገ ጉዳቱ ትንሽ ነው።»
ግማሽ እውነት ነው። ምግቡ ደካማ ሲሆን ትሉ ጉድለቱን ለመሙላት አብዝቶ ሊበላ ይችላል። በሌላ በኩል ትንሽ ሆኖ በቆየ ቁጥር ለጉንዳን፣ ለወፍና ለጥገኛ ተርብ የተጋለጠበት ጊዜ ይረዝማል። እኔ ይሄኛውን ጥቅም አልንቀውም። በዕድሜው ከሚበላው ቅጠል አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻው የትልነት ደረጃ ነው፤ እዚያ ሳይደርስ ቢለቀም ትርፍ ነው።

«እናት ለልጇ የሚስማማውን ታውቃለች።»
የእሳት ራቷ ብዙ ጊዜ በቆሎ ትመርጣለች። ሲበዙ ግን ያገኙት ተክል ላይ፣ ግድግዳ ላይም ሳይቀር ይጥላሉ። የተፈለፈሉት በሐር ክር ተንጠልጥለው ንፋስ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ እንቁላል ያየንበት ተክል ሁሉ መኖሪያው ነው አይባልም።

«በቆሎው ከተሰበሰበ አለቀለት።»
ይሄ ትል ክፉ ጊዜን ተኝቶ አያሳልፍም፤ ዓመቱን ሙሉ ምግብ ይፈልጋል። ጅማ ደግሞ መቼ አረንጓዴ አጥታ ታውቃለች! በጨፌው ላይ በበጋ የሚዘራ በቆሎ አለ፣ ወፍ ዘራሽ አለ፣ የማሳ ዳር ሣር አለ።

ይህን ስነግራቸው አንድ አባት «ታዲያ ጓሮዬ ያለችውን አምስት እግር በቆሎ ልንቀላት ነው?» አሉኝ። አይ አባቴ፣ እሸቷ ለልጆች ትሁን። በሳምንት ሁለቴ ቅጠሏን ገልጠው መሃሏን ይዩልኝ፤ እንቁላል ካገኙ በጣትዎ ይጨፍልቁት።