ጎማ የተሸከመው ትኋን፦ አሪለስ

አሪለስን አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። ጀርባው ላይ ግማሽ ጎማ ቆሟል። የብስክሌት ካቴና የሚዞርበትን ጥርሳም ክብ ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ግማሽ አንድ አመድማ ነፍሳት ትከሻ ላይ ብትተክሉት ቁርጥ እሱን ይመስላል።

ክፍለ መደቡ ሄሚፕቴራ ነው፤ በምንቃር የሚመጥጡት ነፍሳት ማለት ነው። አስተኔው ሬዱቪዴ ይባላል። ገዳይ ትኋኖች የሚባሉት፣ ወደ 7,000 የሚጠጉ ዝርያዎች፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። ንዑስ አስተኔው ሃርፓክቶሪኔ ነው። አሪለስ ራሱ ግን ትንሽ ወገን ነው፤ ጥቂት ዝርያዎች ብቻ አሉት፣ የሚኖሩትም በአሜሪካ አህጉሮች ነው። በደንብ የሚታወቀው አሪለስ ክሪስታተስ ነው። ስዊድናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሊኒየስ በ1763 እ.ኤ.አ. ሲገልጸው ከአልጋ ትኋን ጋር ሲሜክስ የተባለ ወገን ውስጥ ከቶት ነበር። አሪለስ የሚለው የወገን ስም የመጣው በ1831 እ.ኤ.አ. ነው።

ጎማው የሚገኘው የፊተኛው ደረት ጀርባ ላይ፣ ልክ መሃል ለመሃል ነው። ክሪስታተስ ላይ ጥርሶቹ ከ8 እስከ 12 ይደርሳሉ። ትልልቆቹ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማሉ።

እኔ ግን እሱን ለመለየት መጀመሪያ ምንቃሩን እዩ እላለሁ። ወፍራምና ቆልመም ያለ ነው፤ ሦስት ክፍል አለው። ሳያድን ሲቀር ጭንቅላቱ ሥር አጥፎት ይቀመጣል፤ ጫፉም ደረቱ ሥር ባለች ቦይ ውስጥ ይገባል። የዕፅዋት ጭማቂ የሚመጥጡት ዘመዶቹ ምንቃር ቀጭን፣ ቀጥ ያለና ባለ አራት ክፍል ነው። ደም መጣጩ ትሪያቶማም የአንድ አስተኔ ልጅ ቢሆንም ምንቃሩ ቀጥ ያለ ነው። የጭንቅላቱም ቅርጽ ይረዳል፦ ጠባብና ረዘም ያለ፣ ከዓይኖቹ ኋላ እንደ አንገት የቀጠነ።

በዚህ ምንቃር አባጨጓሬን ወግቶ መርዛማ ምራቅ ያስገባበታል። ውስጡ ሲሟሟ ይመጠዋል። ስለዚህ በባዶ እጅ እንዳትይዙት፤ ሲወጋ ክፉኛ ያማል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልጆቹ ላይ ነው። እንቁላሎቹ እንደ ትንንሽ ቡናማ ጠርሙሶች ተጠጋግተው ቅርንጫፍ ላይ ተለጥፈው ይከርማሉ። በጸደይ የሚፈለፈሉት ልጆች ሆዳቸው ደማቅ ቀይ፣ ጀርባቸው ጎማ አልባ ነው። ጎማው የሚመጣው ለአምስተኛ ጊዜ ቆዳቸውን ሲጥሉ፣ ከክንፉ ጋር አብሮ ነው።