የኤልሲዲው መብራት ስለበራ ብቻ አትመኑት

ባለ 16 ፊደልና ባለ ሁለት መስመሩ ኤልሲዲ፣ ያ 1602 የሚባለው፣ የብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያ ስክሪን ነው። በርካሽ ስለሚገኝ ይመስለኛል፣ ስለ ኃይል አሰጣጡ የተወራው ሁሉ ሳይጣራ ይወሰዳል። ብዙው የሚቃጠለውም በዚሁ ነው።

«ባክላይቱን (የኋላ መብራቱን) በቀጥታ 5 ቮልት ላይ ማሰር ይቻላል።»

ሁሉንም አይደለም። ስክሪኑና መብራቱ አንድ ሰሌዳ ላይ ይቀመጡ እንጂ ለየብቻ ኃይል የሚፈልጉ ሁለት ነገሮች ናቸው። ጽሑፉን የሚያሳየው ክፍል 1 ወይም 2 ሚሊአምፒር ይበቃዋል። ባክላይቱ ግን ኤልኢዲ ነው፤ ከረንቱን (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን) የሚገድብለት ሬዚስተር ከሌለ ይቃጠላል። ብዙ ሞጁሎች ሬዚስተሩን ከጀርባቸው ይዘው ይመጣሉ፣ አንዳንዶቹ ግን የላቸውም። ስለዚህ ገልብጣችሁ እዩ። የባክላይቱ ከሆኑት ፒኖች (የማገናኛ እግሮች)፣ ከ15 እና ከ16፣ የሚነሳውን የመዳብ መስመር ተከተሉ። መንገዱ ላይ «101» የተጻፈበት ትንሽ ጥቁር ሬዚስተር ካለ 100 ኦም ነው። «0» ከሆነ ወይም ምንም ከሌለ ከውጭ ጨምሩ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ነጭ ኤልኢዲ 3.2 ቮልት ገደማ ይወስዳል። ከ5 ሲቀነስ 1.8 ይቀራል፤ ይህ ለ20 ሚሊአምፒር ሲካፈል 90 ኦም ይመጣል። 100 ኦም አስገቡ። ዓይነቱን ካላወቃችሁት በ220 ጀምሩ፤ ቢበዛ ትንሽ ይደበዝዛል።

«ጽሑፍ ካልታየ ተበላሽቷል።»

እባካችሁ ቶሎ አትጣሉት! አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ኮንትራስት ነው፤ ጽሑፉ ከጀርባው ጎልቶ የሚታይበት መጠን ማለት ነው። ፒን 3ን ከባለ 10 ኪሎ ኦም ፖታንሽዮሜትር (በማዞር የሚስተካከል ሬዚስተር) መሃለኛ እግር ጋር አገናኙና ቀስ ብላችሁ አዙሩ። የላይኛው መስመር ላይ ብቻ ጥቁር ሳጥኖች ከታዩ ኃይሉ ደርሷል፤ የቀረው የሽቦ ወይም የፕሮግራም ጉዳይ ነው።

«በ9 ቮልት ባትሪ ይደምቃል።»

በፍጹም። ኤችዲ44780 የተባለው የተለመደው ተቆጣጣሪ ቺፕ የመጨረሻ ገደቡ 7 ቮልት ነው።

«ባክላይቱን ከአርዱኢኖ ፒን ማብራት ይበቃል።»

ኡኖ የተባለው የአርዱኢኖ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ አንድ ፒን ፍጹም ጣሪያው 40 ሚሊአምፒር ነው። የድሮዎቹ ቢጫ አረንጓዴ ባክላይቶች ከ100 በላይ ሊስቡ ይችላሉ። በመሃል እንደ 2ኤን2222 ያለ ትራንዚስተር (በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ) አስገቡ፤ ቤዙ (የመቆጣጠሪያ እግሩ) ላይ የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይሁን።

«ፒን 1 ሁልጊዜ ግራውንድ (የኃይሉ ኔጋቲቭ ጫፍ) ነው።»

አንዳንድ ሞጁሎች ላይ 1 እና 2 ተቀያይረዋል፣ 15 እና 16ም እንዲሁ። ሽቦ ከመሰካታችሁ በፊት የሞጁሉን ዳታሺት (የአምራቹን የመረጃ ሰነድ) ተመልከቱ። ኃይል ተገልብጦ የገባበት ሞጁል ወዲያው ይግላል፤ ቶሎ ካልተነቀለ አይተርፍም።