«ሰዓት የሚመርጥ ሠራተኛ እንዳታመጪብኝ»፦ ሆቴል ቀጣሪዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ባለፈው ሳምንት ጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል የፈረቃ ሰሌዳውን እንዳስተካክልለት ጠርቶኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ገና ወንበር ሳልይዝ፣ «እህቴ፣ አንድ ነገር አደራ፤ ሰዓት የሚመርጥ ሠራተኛ እንዳታመጪብኝ» አለኝ። በባሕር ዳር ሆቴሎች በሰው ኃይል ሥራ 14 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ይህን ያልሰማሁበት ዓመት ትዝ አይለኝም። «ሰዓት የሚመርጠው ማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ የሚመጣው መልስም ያው ነው፤ ልጅ የምታጠባ እናት፣ ቀን ቀን የሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ዓርብ ለጁምዓ የሚወጣ፣ በምርኩዝ የሚሄድና ማታ ባጃጅ የሚቸገር ሰው። እነዚህን ሁሉ ከበር ከመለስን ማን ሊቀረን ነው?

«ሰዓት ማመቻቸት ለሠራተኛው የሚዋልለት ውለታ ነው።»

አይደለም፤ ሥራው ራሱ ነው የሚፈልገው። የባሕር ዳር ሆቴል ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። ጥር ላይ ጥምቀቱና ሰርጉ ይደራረባል። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን የሥጋው ወጥ ቤት ይቀዘቅዛል፣ አዳራሹም ከሰርግ ይጾማል። ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ እንደገና ይጎርፋል። ክረምቱ ወጥቶ ጢስ ዓባይ ሞልቶ በሚወርድበት መስከረምና ጥቅምት ደግሞ ሌላ ዓይነት እንግዳ ይመጣል። በአንድ ቀን ውስጥም ቢሆን ወደ ዘጌ የሚሻገሩት ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ቁርስ ይሻማሉ፤ ከዚያ እስከ ምሳ ምግብ ቤቱ ጭር ይላል።

ክፍል ጽዳትንም ተመልከቱ። እንግዳ ክፍሉን የሚለቀው አብዛኛውን ጊዜ ከረፋዱ 4 እስከ 6 ሰዓት ነው። ዋናው ጽዳት እንግዲህ የሚሠራው ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት የሚውሉበት ሰዓት! ሆኖም ጽዳቶቹን ከጠዋቱ 1 ሰዓት አስገብቶ ረፋዱን ኮሪደር ላይ የሚያስቆም ሆቴል ገጥሞኛል። ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ ያልቻሉ ሁለት ጎበዝ እናቶች በዚያ ምክንያት ለቀውበታል። የሆቴሉ ሥራና የእናቶቹ ቀን በራሱ ጊዜ ገጥሞ ሳለ ሰሌዳው ነው ያጋጫቸው።

«ኮንትራት የፈረመ መብት የለውም።» አለው። የኮንትራቱ ዘመን አጭር መሆኑ የዓመት ፈቃድን፣ የሳምንት ዕረፍትን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያን አይሰርዝም።

«በ45 ቀን እየቆረጥን ካስፈረምን ቋሚ አይሆኑም።» ይህ የሙከራ ጊዜው 45 ቀን ከነበረበት ከአሮጌው ሕግ የተረፈ ልማድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜን እስከ 60 የሥራ ቀናት አድርጎታል፤ ያው አሠሪ ለያው ሥራ መልሶ የቀጠረውን ሰው እንደገና ሙከራ ላይ ማስቀመጥም አይፈቅድም። ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ የሚቆጠረው በመነሻው ነው። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ በየዓመቱ እየተመላለሰ የሚመጣ የወቅት ሥራ ነው፣ ሌላው በፈቃድ የቀረ ሠራተኛን መተካት ነው። ለጥር ሥራ ሰው ሲያስፈልጋችሁ በግልጽ የወቅት ሥራ ብላችሁ አስፈርሙ፤ ሰው ማታለል አያስፈልግም።

«እርጉዝ ማታ ስለማትሠራ ሸክም ናት።» ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት የተከለከለ ነው፤ የወሊድ ፈቃዷም ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ቀን ነው። አራት ወር ሲባል ቀጣሪው ፊቱን ያጠቁራል። እኔ ግን ያንን አራት ወር የምወደው ለአዲስ ሰው በር ስለሚከፍት ነው። አንድ ጊዜ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛችን ስትወልድ በቦታዋ በምርኩዝ የሚሄድ ወጣት ተክተን ነበር። ባለቤቱ በቋሚነት ቅጠር ቢባል እሺ የሚል ሰው አልነበረም፤ «ለአራት ወር ነው» ስለተባለ ተቀበለ። እሷ ስትመለስ ልጁ ክፍል በስልክ ለሚይዙ እንግዶች መልስ ሰጪ ሆኖ እንዲቀር የጠየቀው ራሱ ባለቤቱ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

«ሠራተኛው አንድ ዓይነት ከሆነ ሰሌዳው ይቀላል።»

የአንድ አገር ልጆች፣ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ዕድሜ፤ «ይግባባሉ» ይባላል። ከዓመታት በፊት የሠራሁበት አንድ ሆቴል እንዲህ ነበር። ባለቤቱ ሁሉንም ከአንድ ወረዳ፣ በዘመድና በጎረቤት ጥቆማ ነበር የሰበሰባቸው፤ እውነትም ይዋደዱ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ግን ሁሉም ቅዳሜ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ማደር፣ እሁድን ከቤተሰብ ጋር መፈሰክ ፈለጉ። ማን ይፈርድባቸዋል? በግድ መደብናቸው፤ ከ11 ሰዎች 3 መጡ። እሁድ ጠዋት እንቁላል የጠበስኩት እኔ ነኝ፣ አልጋ ያነጠፍኩትም እኔ ነኝ። ሰኞ የቀሩትን እንድቀጣ ታዘዝኩ፤ ቀጣሁ። እስከ ዛሬ የምጸጸትበት ቅጣት ነው፤ ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን የቅጥራችን ነበርና።

ቀጥዬ የሄድኩበት ቤት ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም ነበሩበት። ገና ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንዲት ሙስሊም የላውንደሪ ሠራተኛ መጥታ፣ «እትዬ፣ ፋሲካን እኛ እንግባ፤ አረፋን እነሱ ይገቡልናል» አለችኝ። ለካ ከእኔ በፊት ለዓመታት እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል። በረመዳን ምሽት ለማፍጠሪያ ግማሽ ሰዓት ክርስቲያን ባልደረባ ጠረጴዛውን ይይዛል፤ በሁዳዴ ቅዳሴ አስቀድሶ ከ9 ሰዓት በኋላ መግባት ለሚፈልገው ደግሞ ሙስሊሟ ጠዋቱን ትሸፍናለች። እሁድ ጠዋት የሚያመልከው ሰው ቅዳሜ ማታ አያማርርም። ተማሪው በፈተና ሰሞን ሲጎድል እናቲቱ ትሞላለች፤ የእሷ ልጅ ሲታመም እሱ ይገባል። ሰሌዳው መለጠጥ የቻለው የሰዎቹ ቀን ስለተለያየ ነው፤ ሰዎቹ አብረው መሥራት የቻሉትም ሰሌዳው ስለተለጠጠ ነው። ስብጥርን «ለስም» የሚሉ ቀጣሪዎች ይህን አንድ ዓመት ቁጭ ብለው ቢያዩት እመኛለሁ።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር ይጠበቅ። አንደኛ፣ ጠይቁ እንጂ አትመድቡ፤ «አንተ ፋሲካ አታከብርም» ተብሎ በየዓመቱ የሚታዘዝ ሰው ሲመረው ይለቃል። ሁለተኛ፣ ፋሲካ፣ ገና፣ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሁሉም ሠራተኛ የሕዝብ በዓላት ናቸው። በእነዚህ ቀናት የሠራ ሁሉ፣ እምነቱ ምንም ይሁን ምን፣ የበዓል ክፍያ ይገባዋል፤ በበዓል ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። «በዓሉ ያንተ አይደለም» ብሎ መከልከል ሕገ ወጥ ነው።

«መስማት የተሳነው ሰው ሆቴል ውስጥ ምን ይሠራል?» አዋጅ 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሥራውንና የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያዛል። አብራኝ የሠራች መስማት የተሳናት ልጅ ላውንደሪ ውስጥ ማሽኑ ሲጨርስ የሚበራ አምፖል ብቻ ነው የጠየቀችን። በሌሊት ፈረቃ ብቻዋን ማስቀመጡ ለአደጋ ስለሚያሰጋ ቀን አደረግናት፤ የቀን ፈረቃ የነበረው ባልደረባችን ሌሊቱን በደስታ ወሰደ፣ ቀን መማር ይፈልግ ነበርና።

«ነገደ ወይጦዎች ከሐይቁ ሌላ ሥራ አይፈልጉም።» ነገደ ወይጦ ጣና ዳር የሚኖር፣ በደንገል ታንኳ ሥራ የሚታወቅ፣ ብዙ ጊዜም የሚገለል ማኅበረሰብ ነው። ይህን የሚሉኝ ሰዎች በእንግዳ መቀበያቸው የደንገል ታንኳ ሰቅለዋል፣ የሽያጭ መደርደሪያቸው በእነዚሁ ሰዎች ስፌት ተሞልቷል፤ የሠራተኛ መዝገባቸው ውስጥ ግን ከታንኳ ሠሪዎቹ ልጆች አንድም የለም። አንድ ወጣት ቀጥረን ነበር። ንጋት ላይ አባቱን መረብ በማውጣት ስለሚያግዝ ከሰዓት ፈረቃ ሰጠነው፣ አንድም ቀን አላረፈደም። በሦስተኛው ወር ለቀቀ። ምክንያቱን ስከታተል በሠራተኞች ምሳ ቤት ከእሱ ጋር ማዕድ የሚቆርስ አልነበረም። ሰዓት አመቻችተን ወንበር ነፈግነው። ይህን ሳላይ መቅረቴ የእኔም ጥፋት ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው ሲገባ የመጀመሪያውን ሳምንት የክፍሉ ኃላፊ አብሮት እንዲበላ አደርጋለሁ፤ ኃላፊው ሲበላ ሌላው ይከተላል።

«እኛ ጋ ሴት ሞልቷል፣ ስብጥር አለን።» የት ነው የሞላው? መዝገባችሁን አውጡና ቋሚዎቹን ለብቻ፣ በቀን የሚከፈላቸውን ለብቻ ቁጠሩ። ወንዶቹ ቋሚና ኃላፊ፣ ሴቶቹ ሁሉ በቀን ክፍያ ከሆኑ፣ ተለዋዋጭ ሰዓት የምትሉት ሴቶቹን ከዕድገት ማራቂያ ሆኗል ማለት ነው። አጭር ሰዓት መሥራትና ጊዜያዊ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በቀን አምስት ሰዓት የሚሠራ ሰው ቋሚ ሊሆን ይችላል። ቲፕ ሲከፋፈል፣ ሥልጠና ሲኖር፣ ስብሰባ ሲጠራ ባለ አጭር ሰዓቷ መኖሯን ተመልከቱ። ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት የሚጠራ ስብሰባ እናቶችን ሳይናገር ያስወጣል።

«በየጊዜው መቀያየር ትርምስ ያመጣል።» ትርምስ የሚያመጣው ሰሌዳውን በዋዜማው መለጠፍ ነው። ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይለጠፍ፤ መቀያየር የፈለጉ ሁለቱም ፈርመው ለኃላፊው ያሳውቁ፤ በሳምንት የ48 ሰዓቱ ጣሪያ እንዳይታለፍ አንድ ሰው ይቁጠር። ከዚያ ያለፈ ትርፍ ሰዓት ነው፣ ይከፈላል።

ለዚያ ሥራ አስኪያጅ ሰሌዳውን ስሠራለት የሠራተኞቹን ስም አልጻፍኩም፤ መጀመሪያ ሥራው የሚበዛባቸውን ሰዓታት ብቻ ጻፍኩ። ቁርስ 12–2፣ ክፍል ጽዳት 4–9፣ እራት 11–4። ወረቀቱን ትክ ብሎ አየና፣ «ይቺን የጠዋቷን ማን ይፈልጋታል?» አለኝ። ከመለስካቸው መካከል ሦስቱ፣ አልኩት። ስልካቸውን ፈልጎ ሰጠኝ፤ ሁለቱ ሰኞ ይገባሉ።