በሰውነት ላይ የሚታሰር የአልኮል ሴንሰር ምንድን ነው? ለቆሽት ሕመምተኛስ ምን ይጠቅማል?

በእጅ አንጓ ወይም በቁርጭምጭሚት ላይ ታስሮ፣ ከቆዳ የሚወጣውን የአልኮል ትነት እየለካ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ነው። ሰው ከጠጣው አልኮል አብዛኛውን ጉበት ያስወግደዋል፤ ከመቶ አንድ እጅ ያህሉ ግን በላብና ዓይን በማያየው ትነት በቆዳ በኩል ይወጣል። ትነቱ ቆዳውን በሚነካው የመሣሪያው ገጽ በኩል ወደ ውስጥ ገብቶ ፊውል ሴል የሚባለው ክፍል ላይ ሲደርስ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ኤሌክትሪክ ያመነጫል። አልኮሉ ሲበዛ ኤሌክትሪኩም ይጨምራል። ስክራም የሚባለው የቁርጭምጭሚት መሣሪያ በየ30 ደቂቃው ይለካል። አዳዲሶቹ የእጅ አንጓ ሴንሰሮች ግን ከዚያ በጣም አጠር ባለ ጊዜ ልዩነት እየለኩ ወደ ስልክ ይልካሉ።

ነገሩ ለቆሽት ሕመምተኛ የተለየ ክብደት አለው። የአጣዳፊ ቆሽት ብግነት ቀዳሚ መንስኤ የሐሞት ጠጠር ሲሆን አልኮል ሁለተኛ ነው። አንጀት ውስጥ ገብተው ሥራ መጀመር የነበረባቸው ምግብ ፈጪ ኢንዛይሞች እዚያው ቆሽት ውስጥ ይነቁና ራሱን ቆሽቱን መፍጨት ይጀምራሉ። ብግነቱ በተመላለሰ ቁጥር ጠባሳው ይጨምራል፤ ሲውል ሲያድር ስኳር በሽታና ቅባት መፍጨት አለመቻል ይከተላሉ። ታማሚው ግን ሕመሙ ሲተወው ማስጠንቀቂያውንም ይረሳል፤ አንድ ጊዜ መክሮ መሸኘት የማይበቃውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የፊንላንድ ጥናት 120 ሕሙማንን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ ነበር። በየ6 ወሩ ምክር ከተደገመላቸው መካከል ብግነቱ የተመለሰባቸው፣ ሆስፒታል ሳሉ አንዴ ብቻ ከተመከሩት ያነሱ ነበሩ። ሴንሰሩ ለእንዲህ ዓይነቱ ተደጋጋሚ ምክር መነሻ የሚሆን መረጃ ያቀርባል እንጂ በራሱ መድኃኒት አይደለም።

የሳምንቱን ግራፍ ታማሚውና ባለሙያው ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊያዩት ይገባል። አርብ ማታ 3 ሰዓት ላይ ጫፍ የነካ ኮረብታ ታየ እንበል። የቆዳው ልኬት ከደሙ አንድ፣ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ስለሚቀር መጠጡ የተጀመረው አመሻሹ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚጠየቀው «ስንት ጠጣህ?» ብቻ አይደለም፤ ከሥራ ሲወጣ ምን ሆነ? ከማን ጋር ነበር? ሆዱን አሞት ነበር? ሕመሙን ለማደንዘዝ የሚጠጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሕመም ሕክምና ነው፤ ተግሣጽ አይረዳውም። መረጃውን ማን እንደሚያየው፣ ጠጥቶ ቢገኝ ምን እንደሚደረግ መሣሪያው ከመታሰሩ በፊት መስማማት ግድ ነው። አለዚያ ታማሚው መሣሪያውን እንደ ሰላይ ያየውና ያወልቀዋል።

የሚያሳስቱ ነገሮችም አሉ። ሳኒታይዘር ወይም ሽቶ ሲነካው ግራፉ በደቂቃዎች ውስጥ ሽቅብ ተወርውሮ ቶሎ ይወርዳል፤ የተጠጣ አልኮል ግን ቀስ ብሎ ወጥቶ በሰዓታት ይወርዳል። ማሰሪያው ከላላ ትነቱ ያመልጣል። ሲወልቅ ደግሞ የሙቀት መለኪያው ወደ ክፍሉ ሙቀት ይወርዳል፣ እንቅስቃሴውም ዜሮ ይሆናል፤ ያን ሰዓት «አልጠጣም» ብሎ መቁጠር ስሕተት ነው። አንድ ብርጭቆ ቢራ ላይመዘገብም ይችላል። የላቡ መጠንና የቆዳው ሁኔታ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ቁጥሩን በቀጥታ ወደ ደም አልኮል መጠን መመንዘር አይቻልም። በመሆኑም ከደም ምርመራ ጋር ማጣመር ይበጃል፤ ፔዝ የተባለው የደም ምርመራ ባለፉት ከ2 እስከ 4 ሳምንታት መጠጣት አለመጠጣቱን ያሳያል።

በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ግራፉን ለማሳመር ብሎ በድንገት ማቆም የለበትም። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ፣ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ደግሞ ለሞት የሚያደርስ መቃዠት ሊመጣበት ስለሚችል አቋራረጡ በሐኪም ክትትል ይሁን። የመጠጥ ፍላጎትን የሚቀንሰው ናልትሬክሶንም ሞርፊን ወይም ትራማዶል ለሚወስድ የቆሽት ሕመምተኛ አይሰጥም፤ ማስታገሻውን ከማገዱም በላይ ሰውነቱ የለመደውን መድኃኒት በድንገት እንደተነፈገ ያደርገዋል።