ካንዲድ ፎቶ ምንድን ነው?

የጥር ሰርግ ሲቃረብ ደሴም ኮምቦልቻም ሙሽሮች ፎቶ አንሺ ሲያነጋግሩ "ካንዲድም ይኑረው" ይላሉ። ምን እያዘዙ እንደሆነ ግን ሁሉም እኩል አይረዳውም።

ካንዲድ ማለት የሚነሳው ሰው ለካሜራ ሳይዘጋጅ፣ በያዘው ሥራና ስሜት ላይ እንዳለ የሚነሳ ፎቶ ነው። "እዚህ ጋ ቁም፣ ቀና በል፣ ፈገግ" የለም። ተደብቆ ማንሳት ማለትም አይደለም። ሰርግ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ካሜራ እንዳለ ያውቃል፤ ጨዋታው ሲደምቅ ይረሳዋል።

ድሮ እንዲህ ማንሳት አይቻልም ነበር። ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ይፋ ሲሆን አንድ ምስል ለመቅረጽ ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር ሰው ድርቅ ብሎ መቀመጥ ነበረበት። ነገሩን የለወጡት ትንንሽ ካሜራዎች ናቸው። ላይካ የተባለችው እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ቀረበች። ጀርመናዊው ኤሪክ ሳሎሞን ደግሞ ኤርማኖክስ በምትባል፣ ሌንሷ ብዙ ብርሃን በሚያስገባ ካሜራ ችሎትና የዲፕሎማቶች ስብሰባ ያለ ፍላሽ ያነሳ ጀመር።

ብዙ ሰው ካንዲድን የዕድል ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ካንዲድ ቀጥሎ የሚመጣውን የማወቅ ሥራ ነው። ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ የወላጆቿን ጉልበት ስትስም አስቡ። ፎቶ አንሺው ከኋላዋ ከቆመ የሚያገኘው ቬሎ ብቻ ነው። ባህሉን የሚያውቅ ግን ቀድሞ ከወላጆቹ ጎን በርከክ ይላል፤ የመስኮቱ ብርሃን ፊታቸው ላይ የሚያርፍበትን አቅጣጫ ይመርጣል። ልጅቷ ዝቅ ስትል የእናት እጅ ራሷ ላይ ያርፋል፣ ምርቃቱ ይጀመራል፣ አባት ዕንባውን እንዳያዩበት ፊቱን ያዞራል። ይህ ሁሉ ግፋ ቢል ግማሽ ደቂቃ ነው። ካመለጠው "እስቲ ድገሙት" ማለት ያምረዋል። እባካችሁ አታስደግሙ! በተደገመ ምርቃት ላይ የእናት ዓይን ካሜራውን ይፈልጋል፤ ፎቶው ላይም ያስታውቃል።

ጭፈራው ሌላ ነው። እስክስታ ላይ ትከሻው እንዳይደበዝዝ የሹተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/250 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ማድረግ ይሻላል። አዳራሹ ጨለም ካለ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ ማድረግ ነው፤ ምስሉ ትንሽ ቢሻክርም ስሜቱ ይበልጣል።

ይህ ማለት ግን ተሰልፎ መነሳት ይቅር ማለት አይደለም። አያቶችና ዘመድ አዝማድ አንድ ላይ የሚታዩበት ፎቶ የግድ ነው፤ በካንዲድ አይተካም።

የመንገድ ፎቶም ከዚሁ ዘር ነው። ልዩነቱ ማንም አልጋበዘህም። አንዱ እየተዘዋወረ ያነሳል፤ ሌላው ጥሩ ብርሃን ያለበት ቦታ ይዞ ሰው እስኪገባለት ይጠብቃል። ለጀማሪ መጠበቁን እመክራለሁ። ደሴ ለዚህ የታደለች ናት፦ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍን ደረቅ ጥላ ይጠፋል፣ ከጀርባ ያለው ግርግርም ይደበዝዛል፤ ጃንጥላ ይዞ የሚያልፈው ሰው ለብቻው ጎልቶ ይወጣል። ገበያ ውስጥ ግን መጀመሪያ ሰላምታ ይቅደም። ነጋዴዋን ካነሳህ በኋላ ስክሪኑን አሳያት፤ "አጥፋው ልጄ" ካለችህ እዚያው ፊቷ አጥፋው።

የኒካህ ፕሮግራም ላይም ሴቶቹ ባሉበት ክፍል ፎቶ የማይፈልጉ ብዙ ናቸው። ይህ ሰርጉ ቀን ሳይሆን ቀደም ብሎ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ያለበት ነገር ነው። ሴት ፎቶ አንሺ ብትገኝ ደግሞ እሰየው።

ፎቶ አንሺ ስትመርጡ ከየሰርጉ የተለቃቀሙ ምርጥ ምርጦቹን አይታችሁ ብቻ ቀብድ አትክፈሉ። የአንድ ሰርግ ሙሉ ሥራ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ያለውን፣ አሳየን በሉት። ጉልበት ሲሳም የት ቆሞ እንደነበር እዚያ ላይ ታዩታላችሁ።